ጠጠር ጣይ ያሰኘኝ ሳጥን

ሳጥኑን ያገኘሁት ወልድያ፣ ልባሽ ጨርቅ ተራ ነው። የልጅ ጫማና የብርድ ካፖርት በተከመረበት ሸራ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክዳኑ ላይ ጥቁር ሰማይ፣ ግራጫ ጨረቃና መብራቱ የጠፋ ሕንፃ ተስሏል። ሻጩ ምንነቱን አያውቅም። «የልጆች መጫወቻ ነው መሰለኝ፤ የሚገጣጠም ነገር» አለኝ። እኔም «አዎ፣ ለእህቴ ልጅ ነው» ብዬ ገዛሁት። እህቴ ልጅ የላትም። በዚህ ሳጥን የተነሣ ካፈርኳቸው እፍረቶች የመጀመሪያዋና ትንሿ ይቺ ነበረች፤ ጸጉሩ መመለጥ የጀመረ የፊዚክስ መምህር ለራሱ መጫወቻ ሲገዛ በሕፃን ማሳበቡ።

መርሳ፣ ከተከራየኋት ክፍል ስደርስ በሬን ዘግቼ ከፈትኩት። ውስጡ ወፍራም መጽሐፍ፣ ትልቅ ካርታ፣ የሰው ፊት የታተመባቸው ካርዶች፣ «እስከ መጨረሻው እንዳይከፈት» የሚል የታሸገ ፖስታና በየገጻቸው ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ድንጋይ የሚመስሉ ባለ ብዙ ገጽ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ገና በሚመጣ ዘመን፣ ከምድር እጅግ በራቀች አንዲት ጨረቃ ላይ ሰዎች ማዕድን ያወጣሉ። ከእነሱ አንድ ወጣት ሠራተኛ ድንገት ይጠፋል። ተጫዋቾቹ መርማሪዎች ሆነው እዚያ ይሄዱና ምስክር ይጠይቃሉ፣ ክፍል ይፈትሻሉ፣ እርስ በርስ ይከራከራሉ። አንዱ ደግሞ መሪ ይሆናል። መሪው መጽሐፉን ቀድሞ ያነባል፤ ፖስታውን መክፈት የሚፈቀድለትም እሱ ብቻ ነው፤ የምስክሮቹም አፍ ሆኖ ይመልሳል። ምስክሩ ይናገር ወይም ይደብቅ፣ የተቆለፈው በር ይከፈት ወይም እምቢ ይበል፣ የሚወሰነው እነዚያ ባለ ቁጥሮች ሲወረወሩ በሚወጣው ነው።

ሦስቱን ተጫዋቾች ያሰባሰብኩት በብዙ መሽኮርመም ነው። አንዱ ዋናው መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት ያለው ፋርማሲስት ነው። ሁለተኛዋ ሲሪንቃ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ ማሽላ ላይ የምትሠራ የሰብል ባለሙያ ናት፤ ማታ ማታ የምትገባው ግን መርሳ ነው። ሦስተኛው እዚያው ከእኔ ግቢ፣ ከጎኔ ያለችውን ክፍል የተከራየ ባጃጅ ነጂ ነው። የጠራኋቸውም «እንግሊዝኛችንን እናሻሽልበታለን» ብዬ ነበር፤ ጨዋታ ልጫወት ፈልጌ ነው ማለት አፌ አልቻለም። ገና በመጀመሪያው እሑድ እንግሊዝኛው ተረሳ። እኔ መጽሐፉን እያየሁ በአማርኛ እተርካለሁ፣ እነሱ ይመረምራሉ።

ምርመራውም በየሙያቸው ሆነ። ፋርማሲስቱ ምስክሩን ሁሉ በመርዝ ይጠረጥራል። የሰብል ባለሙያዋ ከሰውየው መጥፋት ይልቅ ጨረቃ ላይ ምን ዘርተው እንደሚበሉ ካልተነገረኝ አላርፍም አለች። ባጃጅ ነጂው ደግሞ፣ መንኮራኩሩን የመንዳት ተራ ሲደርሰው «መምህር፣ እዚያ ቤንዚን አለ? እዚህ ተሰልፌ እዚያም ልሰለፍ?» ብሎ ሆዳችንን እስኪያመን አሳቀን። እኔ ከሰው ጋር ስሆን ከልቤ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ዓይነ አፋር ነኝ፣ ትንሽ ነገር አንገቴን ያስደፋኛል። በእነዚያ እሑዶች ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ይለኝ እንደነበር መናገሩ አሁን ያሳፍረኛል፣ ቢሆንም እውነት ነው።

ነገር የመጣው በአንዲት ቃል ነው። እነዚያን ባለ ቁጥሮች «ዳይስ» ስላቸው ባጃጅ ነጂው ሳቀብኝ። «ዳይስ ምንድነው? ጠጠር በለውና ይለይለት። ጣል በለኝ፣ እጥላለሁ።» ከዚያ ወዲያ ስማቸው ጠጠር ሆኖ ቀረ። «ጠጠር ጣል!»፣ «ጠጠሩ ምን አለ?»፣ «ሰውየው የት እንደገባ ጠጠሩ ይናገር!» እየተባለ ይጮኻል። መርሳ ሙቀቷ አይቻልም፤ በሬ ወለል ብሎ ነው የሚውለው፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ የወሎ ልጅ፣ ወልድያ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጠጠር የሚጥል ሰው በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? የተሰረቀ ያወጣል የሚባለው፣ የጠፋ ያገኛል የሚባለው፣ ሰው አፉን ሸፍኖ «አዋቂ» የሚለው ጠጠር ጣይ እኮ ነው። ግን ጨዋታ ላይ ነበርንና አላሰብኩትም።

አከራዬ መጀመሪያ የመጣችው እየሳቀች ነበር። እንቁላል የምትጥልላት ዶሮ ጠፍታባታለች። «እስቲ ጠጠራችሁ ከሠራ የእኔን ዶሮ ያግኛት» አለች። ባጃጅ ነጂው ከምንም ሳይቆጥር አንዱን ጠጠር አንከባለለና ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ከወንዙ ወዲህ፣ ከእሾህ ሥር፣ አቅፋ ተኝታለች» አላት። እኛ ሳቅን። ዶሮዋ ከጎረቤት አጥር ሥር፣ እሾህ ውስጥ፣ እንቁላሏን አቅፋ ተገኘች። ዶሮ ሌላ የት ልታቅፍ ኖሯል? አከራዬ ግን ከዚያ በኋላ ሳቋን ተወች። ለቡና ጎረቤቶቿ ስትነግርም ጠጠሩን የጣለው ባጃጅ ነጂው መሆኑ ቀርቶ «መምህሩ» ሆነ፤ የተማረው፣ ዝምተኛው፣ ለብቻው የሚኖረው እኔ ነኛ።

መንገድ ላይ ሰላምታው ተለወጠብኝ። ሱቅ ስገባ ወረፋ የሚለቅልኝ መጣ። አንድ ባልደረባዬ በዕረፍት ሰዓት «የተማሪውን ፈተና ጠጠር ጥለህ ነው የምታርመው አሉ» ብሎ ቀለደብኝ፣ እኔም ፊቴ እየቀላ ሳቅሁ። ያኔ «ኧረ ጨዋታ ነው፤ በየሳምንቱ እሑድ ጨረቃ ላይ የጠፋ ሰው የምንፈልግበት የልጅ ጨዋታ ነው» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አላልኩም። ጠንቋይ ነው ከሚሉኝ ይልቅ መጫወቻ ይጫወታል ቢሉኝ የበለጠ አፍር ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል፤ ይሉኝታ ማለት ግን እንዲህ ያለ ደደብ ነገር ነው።

አንዲት እናት ደጄ ድረስ የመጡት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካርታው ተዘርግቶ፣ ካርዶቹ ተደርድረው፣ ፋርማሲስቱ አንዱን ምስክር ወጥሮ ይዞ ነበር። አከራዬ በሩ ላይ ቆማ «መምህር፣ እንግዳ መጥቶብዎታል» አለች። አንቱ ብላኝ አታውቅም ነበር። ከኋላዋ ጠና ያሉ፣ የገጠር ሴት ቆመዋል። ጫማቸው የሩቅ መንገድ አቧራ ጠጥቷል። በአንድ እጃቸው አንድ እስር ጫት፣ በሌላው ትንሽ ብልቃጥ ሽቶ ይዘዋል። ለአዋቂ የሚመጣ እጅ መንሻ ነው።

«ሰላም ዐለይኩም፣ ጌታው» አሉኝ። የሰብል ባለሙያዋ ብድግ ብላ ወንበሯን ሰጠቻቸው። እጅ መንሻውን ካርታው ላይ፣ ጨረቃዋ ላይ አስቀመጡና ቁጭ አሉ። ሳይጠየቁም ነገራቸውን ጀመሩ። ከሐብሩ፣ ከመርሳ በላይ ካለ አገር ነው የመጡት። ልጃቸው በበረሃው መንገድ ወደ ሳዑዲ ብሎ ወጥቷል። ባሕር ሳይሻገር አንድ ጊዜ ደውሎ «ደርሷል በይኝ እማዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። አብረውት ከወጡት የተመለሱት «መንገድ ላይ ተለያየን» ከማለት በቀር አይናገሩም።

«አሁን አባቱ ታመመብኝ» አሉ። «ሳልሞት የልጄን እርም ላውጣ፣ ሰደቃውን ላብላ፣ በሌለበት ይሰገድበት ይለኛል። ዘመዱም ከእሱ ጋር ነው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። እንደው ይፍረዱኝ፣ ጌታው። ሞቶ ከሆነ ልጄ ያለ ዱዓ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ነፍሱ ካለች ደሞ በቁሙ ልቀብረው ነው። ይሄን እንዴት አድርጌ ልምረጥ? ሐሙስ ድንኳን እንጣል ብለዋል። አንቱ ይጣሉልኝና፣ አለ ወይም የለም ይበሉኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

ማንም አልሳቀም። ባጃጅ ነጂው እጁ ላይ የነበረውን ጠጠር ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኔ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስተው ነው የመጡት» አልኩ። «እኔ አዋቂ አይደለሁም። መምህር ነኝ። ይሄ ጨዋታ ነው። ደግሞም አንተ ይበሉኝ፣ ልጅዎ ነኝ።»

እሳቸው ጠረጴዛውን አዩ። «ጨዋታ ነው? እነዚህ እነማን ናቸው ታዲያ?»

«ምስክሮች ናቸው።»

«የምን ምስክር?»

«የጠፋ ሰው አለ፤ ስለ እሱ የሚመሰክሩ ናቸው።»

ዘወር ብለው አከራዬን አዩ፤ እሷም «አላልኩዎትም?» በሚል ዓይን መለሰችላቸው። «የጠፋውስ የትኛው ነው?» አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው። ካርዱን አንሥተው ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ተመለከቱት። መስታወት ያለው ቆብ ያጠለቀ፣ ጢሙ ያልጠነከረ ወጣት ነው። «ልጅ ነው እኮ» አሉ፤ ድምፃቸው ለካርዱ ሳይቀር ራራ። ከዚያ የቀሩትን ካርዶች አንድ በአንድ፣ በጣታቸው ጫፍ እየነኩ አለፉ። አለቃው፣ ሐኪሟ፣ ዘበኛው፣ ማሽን ጠጋኙ። ጨርሰው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«እናቱስ?»

«የለችም፣ እማማ።»

«ሞታበት ነው?»

«አይ፤ አልተጻፈችም። የውሸት ሰው ነው። እናት አላደረጉለትም።»

«ወይ አላህ» አሉ፤ «እናቱን ሳይጠይቁ ነው የሚፈልጉት?» የሰብል ባለሙያዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስንት እሑድ ሙሉ ያን ልጅ ስንፈልግ ከርመን፣ አንዳችንም፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ የሚጠብቀው ሰው ይኖር ይሆን ብለን አልጠየቅንም። ያን ጊዜ ያፈርኩትን እፍረት የምገልጽበት ቃል አላገኘሁለትም። ጆሮዬ ጋለ። ካርታውን፣ ቀለማቱን፣ በወረቀት ላይ የተሳለችውን ጨረቃ ሁሉ ሰብስቤ ሸሚዜ ውስጥ ብከት በወደድኩ።

«ጨዋታ ነው፣ እማማ» አልኩ ደግሜ፤ «አላውቅም። ምንም አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ ጌታው» አሉ በለሆሳስ። «እውነተኛው አዋቂ አላውቅም ነው የሚል። አውቃለሁ ባዩማ ስንቱ በላኝ። እሺ፣ ጠጠሩም ይቅር፣ አይጣሉ። ፊቴን ይዩኝና ብቻ ይንገሩኝ። ልጄ አለ?»

ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። አንገቴን ደፋሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሲጨንቀኝ የማደርገው ነው፤ አስተማሪ ሲቆጣኝም፣ ሰው ሲያመሰግነኝም ያው ነው። የሲሚንቶውን ወለል እያየሁ ቃል ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ቀና ስል ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ስበው ነበር። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ።

ሙስሊም ሞት ሲሰማ የሚለው ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ለምን እንዳሉት ግን መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እንደ መብረቅ ገባኝ። በእኛ አገር መርዶ ነጋሪ አፉን አውጥቶ ሞተ አይልም። ደጃፍ ይደርሳል፣ ይቀመጣል፣ «ደኅና ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። እሪታው የሚነሣው ያኔ ነው። እኔም ይህን አውቃለሁ፤ የአጎቴን መርዶ የሰማሁት እንደዚሁ ነው። «እማማ! እኔ ምንም አላልኩም!» ብዬ ተነሣሁ።

«አላሉም» አሉ፤ «አፍዎን ጠብቀዋል። አላህ ይስጥልኝ። አብሽር፣ አይዘኑ።» እኔን ነበር የሚያጽናኑኝ። እሪ አላሉም፣ ደረታቸውንም አልመቱም፤ ሰው ቤት ነው ብለው ይሆናል። ጫቱንና ሽቶውን ልመልስላቸው ብል እጄን ገፋ አድርገው ወጡ።

ባጃጅ ነጂውን «ሩጥ፣ አድርሳቸው፣ በመንገድ ላይም እውነቱን ንገራቸው» አልኩት። ከኋላ ደርሶባቸው ባጃጇ ላይ አሳፈራቸው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «ነገርኳቸው» አለ። «መጫወቻ ነው፣ ከልባሽ ተራ የተገዛ ነው፣ ዶሮዋንም እኔ ነኝ ዝም ብዬ የቀላመድኩት፤ ሁሉንም። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ጌታህን የምትጠብቅ ደግ ልጅ ነህ አሉኝ። ዶሮዋ ግን ተገኝታለች አይደል አሉኝ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይጫወታል? ፋርማሲስቱ ካርዶቹን እየሰበሰበ፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ፣ «ለመሆኑ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ፖስታውን ቀድሜ አንብቤዋለሁና አውቃለሁ። ልጁ አልሞተም። ከአለቆቹ ሸሽቶ፣ ባረጀ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ፣ በሕይወት አለ። ይህን ስነግራቸው የሰብል ባለሙያዋ ቦርሳዋን አነሣችና «የእኛው አለ፣ የሳቸው ሞተ» ብላ ወጣች። እውነቷን ነው፤ ለወረቀቱ ልጅ የሰጠሁትን ለሥጋና ለደሙ ልጅ ነፍጌዋለሁ።

ሰኞና ማክሰኞ ክፍል ገብቼ ስለ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ሄጄ ልንገራቸው ብል የሰብል ባለሙያዋ «ዛሬውኑ ሂድ» ትላለች፤ ፋርማሲስቱ «ተዋቸው፣ ከስንት ዘመን በኋላ ማረፊያ አገኙ፣ ተስፋ ሰጥተህ ደግሞ ልታቃጥላቸው ነው?» ይላል። እኔ ሁለቱንም እሺ እላለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠየቅሁና ባጃጅ ነጂውን ይዤ ወጣሁ። ባጃጇ እስከቻለችበት ሄድን፣ የቀረውን አቀበት በእግር ወጣን። የሄድኩት ድንኳኑ ሳይጣል ለመድረስ ነበር። ከሩቅ ስናየው ተጥሏል፤ ሰው ሞልቶታል፤ ዱዓው ተጀምሯል።

ስገባ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተነሡልኝ። «ኧረ ነውር ነው፣ በአላህ፣ ተቀመጡ» ብል ማን ይሰማኛል? ከፊት አስቀመጡኝ። የልጁ አባት በጋቢ ተጠቅልለው ምሰሶ ተደግፈዋል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ከሄደ ጀምሮ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አታውቅም ነበር» አሉኝ። «ውሻ ሲጮኽ ተነሥታ ደጅ ትወጣለች። ከአንቱ ዘንድ የመጣች ዕለት ስታለቅስ አመሸችና ተኛች። ጎኗን አሳረፉልኝ። አላህ ጎንዎን ያሳርፈው።» ይህን ካሉኝ በኋላ፣ «ተሳስተዋል» ልል የመጣሁት ሰው «አሜን» አልኩ።

ዱዓውን የሚመሩት ሼህ ሲያበቁ ጠሩኝና ከድንኳኑ ጀርባ ይዘውኝ ሄዱ። ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው፤ ለእኔ ግን አልሳቁም። «መምህር፣ አንተ ክርስቲያን ነህ፣ እኔ እስላም ነኝ» አሉኝ። «ጠጠር መጣል በሁለታችንም ዘንድ ኃጢአት መሆኑ ጠፍቶህ ነው? የተማርህ ሰው አይደለህም ወይ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳጥኑን፣ ጨረቃዋን፣ «ጠጠር» ያልነው ምን እንደሆነ፣ ዶሮዋን። ጨረቃዋ ላይ ስደርስ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እንግዲያ ልጁ ሞቷል ያላት ማን ነው?» አሉ።

«ማንም አላላቸውም፣ ሼህ። ጠየቁኝ፣ አፈርኩ፣ አቀረቀርኩ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

«ማቀርቀር በዚህ አገር ቃል ነው፣ ልጄ» አሉ። ረጅም ተነፈሱ። «በል እንግዲህ፣ ይዞህ የመጣው ይህ ከሆነ ግባና ንገራት። ነገ ደግሞ ውሻ ሲጮኽ የምትወጣው አንተ አይደለህም፤ እሷ ናት። ይህንን አውቀህ ንገራት። ካልነገርክም አውቀህ ተው። ሁለቱም ያስጠይቃሉ።» ትተውኝ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። ይህን ስል ራሴን ለማሳመር አይደለም። ቃሎቹን በልቤ አሰናድቼ፣ «ልጅዎ መሞቱንም መኖሩንም እኔ አላውቅም፣ ማንም አያውቅም» ልል፣ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ስሄድ እናትየው ቀድመው አዩኝና ተነሡ። የምሄድ መስሏቸው ሊሸኙኝ ከእኔ ጎን ጎን ወደ አጥሩ በር ሄዱ። ፊታቸው በለቅሶ አብጧል፤ ግን በዚያ እሑድ ያየሁት መወጠር ለቅቋቸዋል። በእርግጥም የተኛ ሰው ፊት ነበር። ሰው እንዳይሰማ ቀረብ አሉኝ።

«ሞቱንስ ተቀበልኩ፣ ጌታው» አሉ። «የአላህ ነው። አንዲት ነገር ብቻ አላስቀምጥ አለችኝ። አላህ ያሳየዎትን ያህል ብቻ ይንገሩኝ።» የነጠላዬን ጫፍ ያዙ። «በረሃ ነው ይሉኛል። ልጄ... ጠምቶት ነበር ወይ?»

ያሰናዳሁት ቃል ሁሉ ከራሴ ወጥቶ ሄደ። አንገቴ እንደ ልማዱ ሊደፋ ሲል ታወቀኝ፤ ብደፋው «አዎ» ብዬ እንደመለስኩ ይቆጠራል። በግድ ቀና አልኩ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አልጠማውም፣ እማማ» አልኳቸው።